ሁለት መዝገብ ማመሳከር፦ የስፕሬድሺት ፍለጋ ፈንክሽኖች አሠራር

አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር አባላቱን በአንድ የኤክሴል ሺት ይመዘግባል፤ የአባል ቁጥር፣ ስም፣ ስልክ፣ በየወሩ ሊያስገቡት የተስማሙት የብር መጠን። ወር በመጣ ቁጥር ከባንክ የሚደርሰው የገቢ ዝርዝር ደግሞ በሌላ ሺት ይቀመጣል። በዚህኛው ላይ ያለው የአባሉ ቁጥር፣ የገባው ብርና ቀኑ ብቻ ነው። ሒሳብ ሠራተኛው የሚፈልገው መልስ በአንዱ ሺት ብቻ አይገኝም፤ ይህን ብር ያስገባው ማን ነው? ማስገባት የነበረበትስ ስንት ነበር? አባላቱ ሠላሳ ቢሆኑ ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን ይዞ በዓይን ማመሳከር ይቻላል። ሦስት ሺሕ ሲሆኑ ሥራው ቀናት ይፈጃል፤ ቀናት ፈጅቶም ከስሕተት አይጸዳም።

ይህን ሥራ ከሰው ትከሻ የሚያወርዱት የስፕሬድሺት የፍለጋ ፈንክሽኖች ናቸው። ስማቸው ይለያይ እንጂ አካሄዳቸው አንድ ነው። ከአንዱ ሺት መለያ ይወስዳሉ፣ በሌላው ሺት ያንኑ መለያ ይፈልጋሉ፣ ሲያገኙት ከዚያው ረድፍ የተጠየቁትን ይዘው ይመለሳሉ። ፎርሙላውን መማር ከአንድ ከሰዓት በላይ አይወስድም። ጊዜና ጥንቃቄ የሚጠይቀው ከፎርሙላው በፊት ያለው ነገር ነው፤ በሁለቱ ሺቶች ላይ የተጻፈው መለያ በእርግጥ አንድ ዓይነት መሆኑ። በየቢሮው «ቪሉክአፕ እምቢ አለኝ» ሲባል ፎርሙላው ትክክል ሆኖ መለያው የተበላሸ መሆኑ እጅግ የተለመደ ነው።

ፍለጋ ከስፕሬድሺት ጋር አብሮ የተወለደ ችሎታ ነው። ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን እ.ኤ.አ. በ1979 ለአፕል 2 ኮምፒውተር ያወጡት ቪዚካልክ ሉክአፕ የሚባል ፈንክሽን ነበረው። በ1983 የወጣው ሎተስ 1-2-3 ወደ ታች የሚፈልገውን ቪሉክአፕ፣ ወደ ጎን የሚፈልገውን ኤችሉክአፕ ብሎ ለያቸው። ኤክሴልም በ1985 ለማኪንቶሽ ሲወጣ ቪሉክአፕን ይዞ ነበር የወጣው። ከዚያ በኋላ ሠላሳ አራት ዓመት አልፎ በ2019 ማይክሮሶፍት ኤክስሉክአፕን ይፋ እስኪያደርግ ድረስ በየቢሮው ማመሳከር ማለት ቪሉክአፕ ማለት ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቦታ እንደዚያው ነው።

ቪሉክአፕ አራት ነገር ይጠይቃል። የመጀመሪያው የሚፈለገው መለያ ያለበት ሴል ነው፤ በማኅበሩ ምሳሌ የባንኩ ሺት ኤ2፣ ማለትም የመጀመሪያው ገቢ የአባል ቁጥር። ሁለተኛው የሚፈለግበት ሠንጠረዥ ነው፤ «አባላት» ከተባለው ሺት ከኤ እስከ ዲ ያሉት ዓምዶች። ሦስተኛው የመልሱ ዓምድ ተራ ቁጥር ነው፤ የአባል ቁጥር 1 ተብሎ ሲቆጠር ስሙ 2፣ ስልኩ 3፣ የወር መዋጮው 4 ይሆናል። አራተኛው የፍለጋው ዓይነት ነው። ፎልስ ወይም 0 ከተጻፈ ትክክለኛው መለያ ብቻ ይፈለጋል፤ ትሩ ወይም 1 ከተጻፈ ደግሞ የሚቀርበው ይወሰዳል። ፎርሙላው በላቲን ፊደል በእኩል ምልክት ጀምሮ በባንኩ ሺት ባዶ ዓምድ ላይ አንዴ ከተጻፈ በኋላ ወደ ታች ይጎተታል፤ ሦስት ሺሕ ረድፍም ቢሆን በቅጽበት ይሞላል።

ሲጎተት የሚደርስ አንድ የተለመደ ችግር አለ። ስፕሬድሺት ፎርሙላን ወደ ታች ሲቀዳ በውስጡ ያሉትን አድራሻዎችም አብሮ ወደ ታች ያወርዳል። ኤ2 ወደ ኤ3 መውረዱ ተፈላጊ ነው፤ ቀጣዩ አባል የሚፈለገው እንዲህ ነውና። ሠንጠረዡ ግን ከኤ2 እስከ ዲ500 ተብሎ ተወስኖ ከሆነ እሱም በየረድፉ አንድ አንድ እየወረደ ይሄዳል፤ መቶኛው ረድፍ ላይ ሲደርስ በመዝገቡ አናት ላይ ያሉት ወደ መቶ የሚጠጉ አባላት ከፍለጋው ውጭ ይሆናሉ። ነባሮቹ አባላት በቁጥራቸው ቀዳሚ ስለሚሆኑ ጠፍተው የሚገኙትም እነሱው ናቸው። መፍትሔው በሠንጠረዡ አድራሻ ፊደልና ቁጥር ፊት የዶላር ምልክት ማድረግ ነው፤ ኤፍ4 ቁልፍ ይህን በአንድ ጊዜ ይሠራል። ከዚህ የተሻለው ዝርዝሩን ኮንትሮልና ቲን ተጭኖ ወደ ኤክሴል ቴብል መለወጥ ነው። ቴብል አዲስ አባል በተመዘገበ ቁጥር ራሱ ይሰፋል፤ ፎርሙላውም አብሮት ይሰፋል።

ከአራቱ ጥያቄዎች እጅግ አደገኛው የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም ሳይሞላ ሊታለፍ ይችላል። ከታለፈ ኤክሴል የሚቀርበውን ፈልግ እንደተባለ ይቆጥረዋል። በዚህ ዓይነቱ ፍለጋ ፕሮግራሙ ዝርዝሩ ከትንሽ ወደ ትልቅ እንደተደረደረ አምኖ ይነሣል። መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ሰው መኻሉን ከፍቶ የሚፈልገው ቃል ወደ ፊት ወይስ ወደ ኋላ እንዳለ እንደሚያይ፣ ኮምፒውተሩም ዝርዝሩን በየጊዜው ለሁለት እየከፈለ ግማሹን ይጥላል። የዛሬው ኤክሴል 1,048,576 ረድፍ አለው፤ ይህ ሁሉ ሞልቶ እንኳ በ20 ያህል ንጽጽር መጨረሻው ይደረሳል። ፍጥነቱ ግሩም ነው። ዝርዝሩ በቅደም ተከተል ካልተደረደረ ግን መለያው ያለበት ግማሽ ሊጣል ይችላል። ቢደረደርም 1042 የሚባል አባል ከሌለ ፎርሙላው የለም አይልም፤ የ1041ን ስም አምጥቶ ያስቀምጣል። ስሕተት መኖሩን የሚናገር ምልክትም አይኖርም፤ ስሙ እውነተኛ፣ ስልኩ እውነተኛ፣ ሰውየው ግን ሌላ ነው። ለዚህ ነው ሰውን፣ ዕቃን ወይም ሒሳብን በመለያ ለማመሳከር በአራተኛው ቦታ ምንጊዜም 0 መጻፍ ያለበት።

የሚቀርበውን መፈለግ ራሱን የቻለ ጥቅም ያለው በደረጃ በተከፋፈለ ነገር ላይ ነው፤ ለኢትዮጵያ ሒሳብ ሠራተኛ ከደመወዝ ግብር የተሻለ ምሳሌ አይገኝለትም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 እስከ 600 ብር የሚደርስ የወር ደመወዝ ከግብር ነፃ ነበር፤ ከዚያ በላይ ያለው ከ10 በመቶ ጀምሮ እስከ 35 በመቶ በሚደርሱ ስድስት እርከኖች ይከፈል ነበር። ይህን በኢፍ ፈንክሽን እየደራረበ የሚጽፍ ሰው ዓይን የሚያደክም ረጅም ፎርሙላ ይደርሰዋል። በፍለጋ ሲሠራ ግን አንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ ትበቃለች። በመጀመሪያው ዓምድ የየእርከኑ መነሻ ይጻፋል፦ 0፣ 600፣ 1,650፣ 3,200፣ 5,250፣ 7,800፣ 10,900። በሁለተኛው የግብሩ መጣኔ፣ በሦስተኛው በሒሳብ ሠራተኞች ዘንድ የሚታወቀው ተቀናሽ ይሰፍራል፦ 0፣ 60፣ 142.50፣ 302.50፣ 565፣ 955፣ 1,500። ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ሲፈለግ 6,000 በሠንጠረዡ ላይ የለም፤ ፎርሙላው ከእሱ ከሚያንሱት ትልቁን፣ 5,250ን ይይዛል፤ መጣኔው 25 በመቶ፣ ተቀናሹ 565 ነው። የ6,000 ሃያ አምስት በመቶ 1,500፣ ከዚያ ላይ 565 ሲቀነስ ግብሩ 935 ብር ይሆናል። ተቀናሾቹ የተሰሉት እርከኖቹ ያለ ስፌት እንዲገጣጠሙ ሆነው ስለሆነ ደመወዙ ልክ በድንበሩ ላይ ቢውል በየትኛውም እርከን ቢሰላ ያው ነው፤ 1,650 ብር በ10 በመቶም በ15 በመቶም ሲሰላ ግብሩ 105 ብር ነው።

በ2017 ዓ.ም. አዋጁ ተሻሽሎ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል እርከኖቹም አብረው ተለወጡ። መጣኔዎቹን በፎርሙላ ውስጥ የቀበረ ቢሮ እያንዳንዱን የደመወዝ ፋይል ከፍቶ ፎርሙላውን መፍታት ግድ ይሆንበታል። በሠንጠረዥ ያስቀመጠው ግን የሠንጠረዡን ቁጥሮች ለውጦ ሥራውን ይቀጥላል። የድሮውን ሠንጠረዥም ሳያጠፋ በሌላ ሺት ቢያስቀምጠው ያለፉትን ወራት ደመወዝ መልሶ ማስላት ሲያስፈልግ ያገኘዋል።

ቪሉክአፕ ሁለት የታወቁ ድካሞች አሉት። አንደኛው መለያው በሠንጠረዡ የመጀመሪያ ዓምድ ላይ መሆን ያለበት መሆኑ ነው፤ ወደ ቀኝ እንጂ ወደ ግራ አያይም። ስልክ ቁጥሩን ይዞ የአባሉን ቁጥር መፈለግ ቢያስፈልግ ዓምዶቹን ካላዘዋወሩ አይሆንም። ሁለተኛው የመልሱን ዓምድ በተራ ቁጥር ማወቁ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባ በስምና በስልክ መካከል «አድራሻ» የሚል ዓምድ ቢያስገባ 3ኛው ዓምድ አድራሻ ይሆናል፤ ፎርሙላውም በስልክ ፈንታ አድራሻ እያመጣ ይቀጥላል። ሁለቱም ዓምዶች ቁጥር የያዙ ሲሆኑ ለውጡ በዓይን አይያዝም።

እነዚህን ሁለት ድካሞች ለማለፍ ልምድ ያላቸው ሰዎች ለዓመታት ሲጠቀሙ የኖሩት ኢንዴክስንና ማችን በማጣመር ነው። ማች መለያው በዓምዱ ውስጥ ስንተኛ ረድፍ ላይ እንዳለ ይናገራል፤ ኢንዴክስ ከሌላ ዓምድ የዚያን ረድፍ ይዘት ያወጣል። ሁለቱ ዓምዶች በተናጠል ስለሚጠቀሱ መልሱ በግራም ሆነ በቀኝ ቢሆን ለውጥ የለውም፤ በመካከል ዓምድ ቢገባም ፎርሙላው አይናጋም። ማችም የራሱ የፍለጋ ዓይነት አለው፤ ሦስተኛው ቦታ ባዶ ከተተወ እንደ ቪሉክአፕ የሚቀርበውን ይፈልጋልና እዚያም 0 መጻፍ አለበት።

ኤክስሉክአፕ ሁለቱን በአንድ አዋሐደ። የሚፈለገው መለያ፣ የሚፈለግበት ዓምድ፣ መልሱ ያለበት ዓምድ፤ ለአብዛኛው ሥራ እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ። ምንም ሳይነገረው ትክክለኛውን ብቻ ይፈልጋል፤ ይህ ብቻውን ስንት የደመወዝና የዕቃ መዝገብ ከስውር ስሕተት እንደሚያድን ማሰብ አይከብድም። መለያው ሳይገኝ ሲቀር የሚጻፈውን ቃል በአራተኛው ቦታ ይቀበላል፤ ከላይ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ከታች ወደ ላይም መፈለግ ስለሚችል የአንድን አባል የመጨረሻ ክፍያ ለማግኘት ያመቻል። ችግሩ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አለመኖሩ ነው። በኤክሴል 2016ና 2019 የለም፤ ከ2021 ጀምሮና በማይክሮሶፍት 365 አለ። ጉግል ሺትስ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ሊብረኦፊስ በ2024 ጨምረውታል። ፋይሉ ወደ ቅርንጫፍ ቢሮዎች የሚላክ ከሆነና እዚያ ያሉት ኮምፒውተሮች የቆዩ ከሆኑ ኢንዴክስና ማች የበለጠ አስተማማኝ ናቸው።

ፎርሙላው ምንም ያህል ቢሻሻል መለያው ካልተመሳሰለ አይረዳም። ኮምፒውተር ሁለት ሴሎች አንድ ናቸው የሚለው በውስጣቸው ያለው አንድ ሲሆን ነው፤ ለዓይን አንድ መምሰላቸው አይበቃውም። በጣም የተለመደው ልዩነት ቁጥርና ጽሑፍ ነው። 1042 በአንዱ ሺት እንደ ቁጥር፣ በሌላው እንደ ጽሑፍ ከተቀመጠ ፍለጋው አያገኘውም። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ በሴሉ ግራ ጠርዝ ስለሚያርፍና በጥግ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን ስለሚያወጣ ለሚያስተውል ይታያል። ከባንክ ወይም ከሌላ ሲስተም የወረደ ፋይል ቁጥሮቹን እንደ ጽሑፍ ይዞ መምጣቱ የተለመደ ነው። ቫልዩ የሚባለው ፈንክሽን ጽሑፉን ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፤ ለትክክለኛ መለያዎች ግን ተቃራኒው መንገድ፣ ሁሉንም ጽሑፍ ማድረግ፣ ይሻላል።

ምክንያቱ መለያ ቁጥር የማይደመርና የማይቀነስ መሆኑ ነው። የኢትዮጵያ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን) 10 አኃዝ አለው፤ ብዙዎቹም በዜሮ ይጀምራሉ። ኤክሴል እንደ ቁጥር ከወሰደው የመጀመሪያዎቹን ዜሮዎች ያጠፋል፤ ቲኑ አሥር አኃዝ መሆኑ ቀርቶ ሰባት ወይም ስምንት ይሆናል። በ09 የሚጀምር የሞባይል ስልክም ዜሮውን ያጣል። የባሰው በረጃጅም ቁጥሮች ላይ ነው። ኤክሴል የአንድን ቁጥር 15 አኃዝ ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ወደ ዜሮ ይለውጠዋል። የፋይዳ ካርድ ቁጥር 16 አኃዝ ስለሆነ እንደ ቁጥር ከተጻፈ የመጨረሻው አኃዝ ይጠፋል፤ መልሶ ማግኛም የለም። 13 አኃዝ ያለው የባንክ ሒሳብ ቁጥር በውስጡ ሙሉ ሆኖ ቢቆይም በአጭሩ፣ በሳይንሳዊ አጻጻፍ ይታያል፤ ፋይሉ እንዲህ እንዳለ ሲኤስቪ ሆኖ ከተቀመጠ የሚጻፈው ያ አጭሩ ነው፤ የመጨረሻዎቹ አኃዞችም በዚያው ይቀራሉ። ስለዚህ መረጃው ከመግባቱ በፊት ዓምዱ ቴክስት መደረግ አለበት፤ ከገባ በኋላ ማድረጉ የጠፋውን አይመልስም።

ኤክሴል ያልተጠየቀውን መለወጡ ትልልቅ ሳይንቲስቶችንም አስቸግሯል። ማርች1ና ሴፕት1 የሚባሉ የሰው ጂኖች ስም በኤክሴል ሲጻፍ ወደ ቀን ይለወጥ ስለነበር፣ የጂኖችን ስም የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ስማቸውን ለመቀየር ተገደደ። ለአንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲባል የሳይንስ ስያሜ መለወጡ መለያን መጠበቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳያል።

ባዶ ቦታም እንዲሁ ያሳስታል። በአንድ መለያ መጨረሻ ላይ ሳይታሰብ የተጫነች ስፔስ ለዓይን አትታይም፤ ለኮምፒውተር ግን አንድ ተጨማሪ ፊደል ናት። ትሪም የሚባለው ፈንክሽን እነዚህን ይጠርጋል። ከድረ ገጽ የተቀዳ ጽሑፍ ግን ሌላ ዓይነት፣ መስመር የማይሰብር ባዶ ቦታ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ኮዱ 160 ነው፤ ትሪም አይነካውም። በሰብስቲትዩት ተለይቶ መወገድ አለበት። ሁለት ሴሎች አንድ መስለው ሳይገናኙ ሲቀሩ የፊደላቸውን ብዛት በሌን ፈንክሽን መቁጠር ከሁሉ የፈጠነ ምርመራ ነው፤ አንዱ 6 ሌላው 7 ካለ የተደበቀ ነገር አለ ማለት ነው።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ስም ነው። ብዙ ቢሮዎች መለያ ቁጥር ሳይኖራቸው፣ ወይም እያላቸው፣ በስም ማመሳከር ይሞክራሉ። ሞክሼ ፊደላት ግን ለአንባቢ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለኮምፒውተር ፍጹም የተለያዩ ናቸው። ፀሐይ የሚለውን ስም ብቻ ብንወስድ መጀመሪያው ጸ ወይም ፀ፣ መካከሉ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ስለሚችል 12 አጻጻፍ ይኖረዋል። በአንዱ ሺት ኃይሉ፣ በሌላው ሀይሉ ተብሎ የተጻፈ ሰው ለቪሉክአፕ ሁለት ሰው ነው። ዓለሙና አለሙ፣ ሠናይትና ሰናይት፣ እያለ ይቀጥላል። በዚህ ላይ ጥምር ስሞች አሉ፤ ገብረ መድኅን፣ ገብረመድህን፣ ገ/መድኅን የአንድ ሰው ስም ሦስት አጻጻፍ ሆነው በአንድ መዝገብ ውስጥ ይገኛሉ። ስሙ በላቲን ፊደል ከተጻፈ ደግሞ የአጻጻፉ ብዛት ልክ የለውም።

የቆዩ ፋይሎች ሌላ ወጥመድ አላቸው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ ይጻፍ የነበረው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ የራሳቸው ኮድ ባላቸው ፎንቶች ነው። በእነዚህ የተጻፈ ስም በስክሪን ላይ አማርኛ ይመስላል፤ በውስጡ ያለው ግን የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ናቸው፤ ፎንቱ ሲቀየር ይገለጣል። እንዲህ ያለውን የቀድሞ መዝገብ ከዛሬው የዩኒኮድ ሺት ጋር ማመሳከር መጀመሪያ ካልተለወጠ ፈጽሞ አይቻልም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ፊደል በፊደል አንድ ቢመስሉም።

ስም ብቻ ባለበት መዝገብ ላይ ሥራውን ማቃለያ አለ። ከዋናው የስም ዓምድ ጎን አንድ ረዳት ዓምድ ተከፍቶ ሰብስቲትዩትን በመደራረብ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሳሉ። አምስቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው በሰባት ድምፅ 35 ምትክ ይጠይቃሉ፤ ሃና ኣ ሲጨመሩ 37 ይሆናል። ኤክሴል እስከ 64 ደረጃ መደራረብ ስለሚፈቅድ በአንድ ፎርሙላ ይያዛል። ስፔስና እዝባርም አብረው ይወገዳሉ። ፍለጋው በሁለቱም ሺቶች በዚህ ረዳት ዓምድ ይደረጋል፤ የሰውየው ስም ግን ራሱ እንደሚጽፈው በዋናው ዓምድ ሳይነካ ይቆያል። ስምን ለኮምፒውተር እንዲመች ብሎ በመዝገብ ላይ መለወጥ ተገቢ አይደለም፤ በሰውየው መታወቂያና የባንክ ደብተር ላይ ያለው አጻጻፍ መከበር አለበት። ይህም ሆኖ በአንድ ማኅበር ውስጥ በስም፣ በአባትና በአያት ስም የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ፍለጋው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያመጣል። በስም ማመሳከር የሚፈቀደው አንዴ፣ ለእያንዳንዱ ሰው መለያ ቁጥር ለመስጠት፣ ውጤቱም በሰው ዓይን እየተጣራ ብቻ ነው።

ቀንን መለያ ማድረግም ያሳስታል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈን 5/2/2017፣ ማለትም ጥቅምት 5ን፣ ኤክሴል የፈረንጆች ቀን አድርጎ ይወስደዋል። 30/2/2017 ሲጻፍ ግን በፈረንጆች ዘንድ እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ከፊሉ ቀን፣ ከፊሉ ጽሑፍ ይሆናል፤ ፍለጋውም ከፊሉን አግኝቶ ከፊሉን ያጣል። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ ለይቶ መያዝ ወይም ዓምዱን ከመጀመሪያው ቴክስት ማድረግ ይህን ያስቀራል።

አንዳንዴ አንድ መለያ ብቻውን አይበቃም። የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ የአንድን አባል የአንድ ወር ክፍያ ሲፈልግ የአባል ቁጥርና ወር ተጣምረው መለያ መሆን አለባቸው። በረዳት ዓምድ ሁለቱን ማያያዝ ቀላል ነው፤ በመካከላቸው ግን ሰረዝ መግባት አለበት። ያለ ሰረዝ የ12ኛው አባል 11ኛ ወርና የ121ኛው አባል 1ኛ ወር ሁለቱም 1211 ሆነው አንዱ የሌላውን ክፍያ ይወስዳል።

ፍለጋ አንድ መልስ ብቻ የሚያመጣ መሆኑም መረሳት የለበትም። አንድ አባል በወሩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከፍሎ ከሆነ ከአባላት ሺት ወደ ባንኩ ሺት የሚሄድ ቪሉክአፕ የመጀመሪያውን ክፍያ አምጥቶ ሁለተኛውን ይተወዋል፤ አባሉ የከፈለው ገንዘብ ሳይቆጠርለት ዕዳ ያለበት ሆኖ ይታያል። ጥያቄው «ስንት ከፈለ?» ሲሆን የሚያስፈልገው ሰምኢፍ ነው፤ በዚያ መለያ የገባውን ሁሉ ይደምራል። በመዝገብ ውስጥ የተደጋገመ መለያ መኖር አለመኖሩን ደግሞ ካውንትኢፍ ይቆጥራል። አንድ ብቻ መሆን የሚገባው መለያ ሁለት ከሆነ ማመሳከሩ ከመጀመሩ በፊት መታረም አለበት።

መለያው ሳይገኝ ሲቀር በሴሉ ላይ የሚወጣው የኤን ኤ ምልክት ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ ሪፖርቱን ያበላሻል ተብሎም በኢፍኤረር ይደበቃል፤ በቦታው ባዶ ወይም ዜሮ ይተካል። ይህ ጎጂ ልማድ ነው። ምልክቱ የሚናገረው ቁም ነገር አለ፤ የዚህ ገቢ ባለቤት በመዝገብ ላይ አልተገኘም። ዜሮ ሲተካበት ያልተመዘገበ አባልና መዋጮ የሌለበት አባል አንድ ይሆናሉ። ኢፍኤረር ደግሞ የሚደብቀው ይህን ብቻ አይደለም፤ የተሰረዘ ዓምድ ወይም በስሕተት የተጻፈ ፎርሙላ የሚያመጣውን ምልክት ሁሉ ይሸፍናል። ኢፍኤንኤ ወይም የኤክስሉክአፕ አራተኛ ቦታ አለመገኘቱን ብቻ ይይዛል፤ እዚያም «በመዝገብ የለም» የሚል ግልጽ ቃል መጻፍ ይገባል። ሌላም ትንሽ ነገር አለ፤ ረድፉ ተገኝቶ የሚፈለገው ሴል ባዶ ከሆነ ፍለጋው ባዶ ሳይሆን 0 ያመጣል። ስልኩ ያልተመዘገበ አባል ስልክ 0 ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው።

የተሟላ ማመሳከር በሁለት አቅጣጫ ይደረጋል። ከባንኩ ወደ አባላት ሲሄድ ባለቤቱ ያልታወቀ ገቢ ይወጣል፤ ከአባላት ወደ ባንኩ ሲሄድ ያልከፈለ አባል ይወጣል። አንዱን ብቻ የሠራ ሰው ግማሹን ነው ያየው። ከዚያ በኋላ የድምር ፍተሻ አለ፤ በባንኩ ሺት ያለው ጠቅላላ ገቢ ለአባላት ከተከፋፈለው ድምርና ባለቤቱ ካልታወቀው ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። የረድፎችም ብዛት ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2020 የእንግሊዝ የጤና ባለሥልጣናት የኮቪድ ምርመራ ውጤቶችን በድሮው የኤክሴል የፋይል ዓይነት ሲያዘዋውሩ ከ65,536 ረድፍ በላይ ስለማይዝ 15,841 የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ቆጠራ ውጭ ሆነው ነበር፤ ከእነሱ ጋር የተገናኙ ሰዎችን ፍለጋም በዚያው ዘገየ። የገባውንና የወጣውን ረድፍ ማነጻጸር እንዲህ ያለውን ጉድለት ወዲያውኑ ያሳያል።

ሥራው አልቆ ፋይሉ ወደ ሌላ ቢሮ ሲላክ ፍለጋው ከሌላ ፋይል ጋር የተያያዘ ከሆነ ተቀባዩ ዘንድ ያ ፋይል አይኖርም፤ ፎርሙላዎቹን ለማደስ ሲሞክር ስሕተት ሊያወጡ ይችላሉ። ስለዚህ የሚላከው ቅጂ ላይ ውጤቱ ተቀድቶ እንደ እሴት ብቻ ይለጠፋል። ፎርሙላዎቹን የያዘው ዋናው ፋይል ግን የተሠራበት ወር በስሙ ላይ ተጽፎ፣ የባንኩ ዝርዝርም እንደመጣ ሳይነካ በአንዱ ሺት ላይ እንዳለ፣ በማኅበሩ ዘንድ ይቀመጣል፤ ኦዲተር ሲመጣ እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ የሚታየው በእሱ ላይ ነው።